ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ፦ «ሬቲፊካ ነው» ተባልኩ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?

የጓሳ ጥግ፦

እንደምን አላችሁ የሞተር ወዳጆች። የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 አለኝ፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ስለሆነ ሞተሩ ድንጋይና ጭቃ እንጂ ደህና መንገድ አያውቅም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ስረግጠው ወዲያው ይነሳል። ግን ሲነሳ ከማርሚታው ጭስ ቡፍ ይላል፤ ግቢው እርጥብ ባሕር ዛፍ የነደደበት ነው የሚመስለው። ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ቀን ላይ ሞቆ ሳለ አጥፍቼ ወዲያው ባስነሳው ምንም የለም። ዘይት ግን ይጎድላል። ከሥር ሲንጠባጠብ አላየሁም።

አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ምንም ሳይከፍት፣ ጭሱን ብቻ አይቶ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ይገባል (ውስጡ ተቦርቡሮ ይሰፋል)፣ ፒስተንም ይቀየራል» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ራስ ያዞራል። ከመክፈሌ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ካንዴላ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። መጀመሪያ ጥያቄ አለን።

ጭሱ ሰማያዊ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ? በመንዝ ጠዋት የማይጨስ ማርሚታ የለም፤ ሰውም ሲተነፍስ ይጨሳል። ረጅም ቁልቁለት ወርደህ ጋዝ ስትሰጠውስ? ዳገት ላይስ? በቅርቡ ወድቆብህ ነበር? ዘይት ስትለካ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ይዘህ ነው ወይስ በጎን መቆሚያው ላይ ተጋድሞ?

ፈጣን ነው፦

ምን ያስጨንቅሃል፣ ወፍራም ዘይት ጨምርበት። ጭስ ማጥፊያ የሚባል ፈሳሽም ይሸጣል። እኔ ሁለቱንም አድርጌ ጸጥ ብሎልኛል። እስክሸጠው ድረስ አላስቸገረኝም።

ካንዴላ፦

@ፈጣን ነው «እስክሸጠው ድረስ» ያልካት ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ከአንተ የገዛው ሰው ይኼኔ እዚሁ ገብቶ እየጠየቀን ይሆናል 😂

ጋሽ መፍቻ፦

ልጆች፣ ተረጋጉ። የጓሳው ልጄ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ነው የጨረስኩት። ሳይከፍት ሬቲፊካ ያለህን ሰው ስሙን እንዳትነግረኝ፣ አልፈልግም። ነገር ግን ጭስ የሚነበበው በቀለሙ ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚጨስ ነው ዋናው።

ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጥያቄው ዘይቱ በየት በኩል ወደ ማቃጠያው ገባ የሚለው ነው። ሁለት በር አለው። አንዱ ከላይ፣ በቫልቩ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መዝጊያ) ዘንግ በኩል። ሌላው ከታች፣ በፋሻው በኩል።

ከላይ ያለውን አስቡት። ቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ፣ ውስጥ ሁልጊዜ ዘይት አለ። ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ አናት ላይ ትንሽ ጎማ ትቀመጣለች፤ ጎሚኒ የምንላት። ሥራዋ ዘይቱ በዘንጉ እንዳይወርድ መጥረግ ነው። ሙቀት ሲበዛባት፣ ዕድሜም ሲጫናት ትደርቃለች፤ እንደ በፊቱ ዘንጉን ጭብጥ አታደርግም። ሌሊት ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ጠዋት ስትረግጠው ያ ያደረው ዘይት ይነድዳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ሲያልቅ ይቆማል። ቀን ላይ አጥፍተህ ወዲያው ብታስነሳ የማይጨሰው ለመጠራቀም ጊዜ ስላላገኘ ነው። አንተ የጻፍከው ቃል በቃል ይኼው ነው።

ፋሻ ያለቀ እንደሆነ ግን ጠዋትን አይጠብቅም። ሲሞቅም ይጨሳል። ሸክም ስትጭንበት፣ ዳገት ላይ ጋዝ ስትከፍት ይብሳል። ጉልበትም ይቀንሳል።

አንተ ደግሞ መመርመሪያህ ደጅህ ላይ ነው፤ ጣርማበር። ከአናቱ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ልቀቅና በማርሽ ውረድ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ፎሌ አስገብተው (ያለ ማርሽ) የሚወርዱ አሉ፤ እነሱን አትይ፤ ፍሬኑም ይግላል፣ ለምርመራውም አይጠቅምህም። ጋዙ ተዘግቶ ሞተሩ በማርሽ ሲዞር አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ውስጡ ይስባል፤ በቫልቩ ዘንግ በኩል ያለውንም ዘይት ይጎትታል። ቁልቁለቱን ጨርሰህ ጋዝ ስትሰጥ ከኋላህ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ጎሚኒው ነው። ከኋላህ ሌላ ሞተር ይከተልህ፣ አንተ አታይም። ከዚያ ተመልሰህ ውጣ። ሙሉውን ዳገት እየጨሰ ከወጣ፣ ያኔ ስለ ፋሻ እናወራለን። ጉም ባለበት ሰዓት አትሞክረው። ዋሻው ውስጥም እንዳትሞክረው፤ ጭሱ የማን እንደሆነ አታውቅም።

ካንዴላ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ከዚያ በፊት ግን ያለ ገንዘብ የሚታዩትን ልጨምርለት።

ዘይቱን ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ሜዳ ላይ ለካ። መለኪያው ሳይጠመዘዝ ነው የሚገባው ወይስ ተጠምዝዞ የሚለው እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ የሞተሩን መጽሐፍ እይ። «ጎደለ» ብሎ ከልክ በላይ የሚሞላ ብዙ ነው። ዘይት ሲበዛ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ ወደ አየር ፊልትሮው ይሄዳል፣ ከዚያ በካርቡሬተሩ በኩል ተመልሶ ይገባና ይጨሳል። ወድቆ ለጥቂት ጊዜ ተጋድሞ የቆየ ሞተርም እንደዚሁ ነው። የፊልትሮውን ቤት ክፈተውና እይ። ወለሉ በዘይት ከጨቀየ መልሱን እዚያው አገኘኸው። ስፖንጁን አጥበህ፣ ቤቱን ጠርገህ፣ ዘይቱን በልኩ አድርገህ እንደገና ሞክር።

ቀጥሎ ዘይቱን አሽትት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ እንዳታስነሳው። የካርቡሬተሩ መርፌ አልዘጋ ብሎ፣ ቧንቧውም ክፍት አድሮ ቤንዚን ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታውን ይበላልሃል። መጀመሪያ መርፌውን፣ ቀጥሎ ዘይቱን ትቀይራለህ።

የወረቀቱን ዘዴም ሞክር። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲነሳ ነጭ ወረቀት ከማርሚታው አፍ ራቅ አድርገህ ያዝ። ውሃ ከሆነ ያረጥበውና ይደርቃል። ዘይት ከሆነ ቅባቱ ይቀራል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ብታነሳው ቦታው ያሳልፋል። ኤክስቲዜድ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፣ ውስጡ ውሃ የለውም። ስለዚህ የጠዋት ነጭ እንፋሎቱ ማርሚታ ውስጥ ያደረ ጤዛ ነው፣ ያን ተወው። በራዲያተር የሚሠሩት ላይ ግን እየቀጠለ የሚወጣ ነጭ ጭስ የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ስለሚችል አይናቅም።

የሸዋ ሮቢት ልጅ፦

ሰላም። እኔ ጋ ያለው ደግሞ ጥቁር ጭስ ነው። ሸዋ ሮቢት ምንም የለውም። ደብረ ብርሃን ስወጣ ግን ይጨሳል፣ ይታፈናል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። ይኼም ጎሚኒ ነው?

ጋሽ መፍቻ፦

አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። ጥቁር ማለት ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይም አየር አንሶታል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ። በእኛ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ይኼን አያውቅም፤ የለመደውን ቤንዚን ይሰጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ፊልትሮውን አጽዳ፤ የቆላው አቧራ ስፖንጁን ደፍኖት ይሆናል። ቾኩ በትክክል መመለሱን እይ። ካንዴላውን፣ እሳት የሚሰጠውን፣ ፍታው። ጥቁር ሆኖ ደረቅ ጥላሸት ካለው ቤንዚን ነው። ጥቁር ሆኖ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት ነው። ቡና ዓይነት ቀለም ካለው ጤና ነው። አንዳንድ ሰው ቆላ ላይ ጉልበት ፈልጎ ትልቅ ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ያስገባል፤ የሸጠልህ ሰው እንዲህ አድርጎ እንደሆነ በፊት የነበረውን ቁጥር መልስ። ውሎ አዳርህ ደጋ ከሆነ በቁጥር ዝቅ ያለ ጄት ይሻልሃል። ግን በዚያ ጄት ቆላ ወርደህ በሙሉ ጋዝ አትንዳ፤ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።

ፈጣን ነው፦

ለብርዱ ግን ጠዋት ዕቃ ቤት ውስጥ አስነስቶ ማሞቅ ይረዳል። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ አሞቀዋለሁ።

ጋሽ መፍቻ፦

ተው ልጄ! ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ከሰል ቤት ውስጥ ገብቶ የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ወደ ውጭ ግፋውና አስነሳው። ለብርዱ ቾክ በቂ ነው፤ ጥቂት ሲሞቅ መመለስ ብቻ ነው። ገና እንደተነሳ ጋዝ እየከፈቱ ማስጮህም አያስፈልግም፤ ዘይቱ ከብርዱ የተነሳ ወፍሯል፣ ላይ እስኪደርስ ታገሠው።

የጓሳ ጥግ፦

ጋሼ፣ ካንዴላ፣ ያላችሁኝን ሁሉ አድርጌ መጣሁ።

ዘይቱ ከልክ በታች ነበር፤ ቤንዚን አይሸትም። የፊልትሮው ቤት አቧራ እንጂ ዘይት የለበትም። ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ቅባት ቀረ፤ አልደረቀም። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ነው። ዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ላላ አድርጌ አየሁት፤ ትንሽ ትንፋሽ አለው እንጂ አይተፋም።

ጣርማበር ላይ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ ሆኖ ወረደ። ታች ደርሼ ጋዝ ስሰጥ «ጠፋህብኝ!» አለኝ፤ በጭስ። መውጫው ላይ ግን ምንም አላየም። ጉልበቱም ያው ነው፣ ሁለት ሰው ጭኖ ወጣ።

ጋሽ መፍቻ፦

እንግዲህ ተናገረ። ጎሚኒ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሊንደርህን የሚነካ ሰው እንዳይኖር። ልብህ ካልረጋ አንድ ነገር አስደርግ፤ በካንዴላው ቀዳዳ የግፊት መለኪያ ገጥመው ይለኩት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው አስገብተው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ብድግ ካለ ፋሻው ደክሟል፤ ዘይቱ ለጊዜው ደፈነለት ማለት ነው። እዚያው ከቀረ ፋሻው ደህና ነው። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ከሆነ ሬቲፊካ ይሻላል ብሎ ሊመክርህ አይችልም፤ በምን አውቆ?

አሁን ስለ ሥራው ልንገርህ፤ አጠገቡ ቆመህ እንድታይ።

ያንተ ሞተር ሁለት ቫልቭ ነው፣ ሁለት ጎሚኒ ይፈልጋል። አንዱን ብቻ ቀይር የሚልህን አትስማው። ከጎሚኒው ጋር አዲስ የቴስታታ ጋስኬት ግዛ፤ የወጣ ጋስኬት አይመለስም። ደብረ ብርሃን ካጣህ መርካቶ ይገኛል። ስትገዛ የሞተርህን ዓይነት ተናገር፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ የበለጠ ነው። ውስጡ ጠበቅ ያለ፣ ለስላሳና የሚለጠጥ ጎማ ነው ጥሩው። በጥፍርህ ጫን ስትለው ፕላስቲክ የሚመስልህን ተው።

ቴስታታው ከመውጣቱ በፊት ቫልቮቹን የሚያሠራው ሰንሰለት የሚዞርበት ጥርስ ላይ ያለው ምልክት ቴስታታው ላይ ካለው ምልክት ጋር ይግጠም። ሰንሰለቱን በሽቦ ይሰሩት። ካልታሰረ ሱልልል ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ያኔ ግማሽ ቀን እሱን በማጥመድ ያልቃል።

ቫልቩ ከወጣ በኋላ ባዶውን መልሶ ቱቦው ውስጥ አስገብቶ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው። ቀጥ ብሎ ቢንሸራተት ደህና። ወዲህ ወዲያ የሚል ከሆነ ቱቦው ሰፍቷል፤ አዲሱ ጎሚኒ ቶሎ ይበላል፣ ገንዘብህም አብሮ ይበላል። እሱ ከሆነ ቶርኖ ቤት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይኼን ነው፤ ከዚያ «ጎሚኒ ቀይሬ ያው ጨሰ» ይላል።

ቫልቮቹ ላይ የጠነከረውን ጥላሸት ይጥረጉት። አፋቸውን በማሻሻ ቅባት ትንሽ ያሻሹት፣ ቅባቱንም ሙልጭ አድርገው ይጠቡት፤ አሸዋ ነው፣ ከቀረ ይፈጫል። ቫልቮቹን ሲገጥሙ በአየር መግቢያውና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ቤንዚን ያፍስሱና ይጠብቁ። በቫልቩ አፍ ካላዠ ጨርሰናል። አዲሱ ጎሚኒ ሲገባ የቫልቩ ዘንግ ዘይት ይቀባ፤ በደረቁ ከገፉት ከንፈሩ ይተረተራል።

ቡሎኖቹ በአንዴ አይጠበቁም። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ በመስቀለኛ። በመጨረሻ የቫልቩን ክፍተት በመጽሐፉ ልክ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ።

ካንዴላ፦

ዘይቱን ስትቀይር የመኪና ዘይት እንዳታደርግ። የኤክስቲዜድ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ይጨመርበታል፤ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምርና ጭሱን ስትጨርስ ሌላ ችግር ይገጥምሃል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ይኑረው፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር የሚሆን ማለት ነው።

አለም ከተማ ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ፣ እርስዎን ብጠይቅ ብዬ ነው። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ያማሃ ኤጂ 100 ይሰጠናል። መጨሱን ሁሌም ይጨሳል፣ ለምደነዋል። ሰሞኑን ግን ነጭ፣ ወፍራም ጭስ ነው፤ ሲሞቅም አይጠፋም። ሽታውም ተለውጧል። የቫልቭ ጎሚኒ ይሆን?

ጋሽ መፍቻ፦

እህቴ፣ ኤጂ 100 ሁለት ምት ነው፣ የዚያ ዓይነት ቫልቭ የለውም። ዘይቱ ሆን ተብሎ ከቤንዚን ጋር ይነድዳል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ጠዋት ትንሽ ቢጨስ ደንቡ ነው። ከተማ ውስጥ አዝግሞ የዋለ እንደሆነ ማርሚታው ውስጥ ዘይት ይጠራቀማል፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ያወጣዋል።

አንቺ ያልሽው ግን ያ አይደለም። ሲሞቅም ካልጠፋ፣ ሽታውም ከተለወጠ የካምቢዮውን ዘይት ለኪልኝ። ጎድሎ ካገኘሽው በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው የክራንክ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል። ሞተሩ ሲስብ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው። የካምቢዮው ዘይት ካልጎደለ ግን የዘይት ፓምፑን ሽቦ አሳይ፤ ምልክቱን አልፎ ተወጥሮ ከልክ በላይ እየሰጠ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። «ጭሱ በዛ» ብሎ ዘይቱን የሚቀንስልሽ ሰው ቢመጣ እንዳትፈቅጂ። ሁለት ምት ያለ ዘይት ፒስተኑ ይነክሳል፣ መንገድ ላይ ያቆምሻል።

የጓሳ ጥግ፦

ተሠራ። ሌላ ጋራዥ ነው ያሠራሁት፣ ቆሜ። ጋሼ፣ አሮጌውን ጎሚኒ በጣቴ ስይዘው እንደ ደረቅ ቆዳ ነበር፤ ጫን ስለው ከንፈሩ ፍርፍር አለ። የአየር መግቢያው ቫልቭ ጀርባ ላይ ጥላሸቱ ጠንክሮ ነበር። ቱቦዎቹን ነቅንቀን አየናቸው፣ አይላሉም። ፒስተኑን ከላይ ስናየው የሲሊንደሩ ግድግዳ ጭረት የለውም፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ የሚያወጣው ስስ መስቀለኛ መስመር እንኳን አለ።

የወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ከጠየቁኝ ጋር አይገናኝም፤ ዋናው የእጅ ዋጋ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ያው ጨሰብኝና ደነገጥኩ።

ጋሽ መፍቻ፦

እሱ ማርሚታው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት ነው። ረጅም መንገድ ንዳው፣ ያቃጥለዋል። አዲሱን ዘይት ምልክቱ ላይ አድርሰህ ቀኑን ጻፍ፣ ከዚያ መጉደሉን ተከታተል።

የጓሳ ጥግ፦

ረጅም መንገድ ነድቼ ተመለስኩበት፣ ጠፍቷል። ጠዋትም አይታይም፣ ከጤዛው በቀር። ዘይቱ ያው ምልክቱ ላይ ነው።

ፈጣን ነው፦

እንኳን ደስ አለህ። ለመሆኑ አትሸጠውም? 😁

የጓሳ ጥግ፦

ለአንተ? በጭራሽ!

አለም ከተማ ነኝ፦

ጋሼ፣ ለካሁት። የካምቢዮው ዘይት መለኪያው ጫፍ ላይ እንኳን አልደረሰም። እንዳሉት ነው። በግራ በኩል ያለውስ ፓራኦሊዮ አብሮ ይቀየር?

ጋሽ መፍቻ፦

አዎ፣ አብረሽ ቀይሪው። የግራው በማግኔቱ በኩል ነው፤ እሱ ሲያልቅ ዘይት ሳይሆን አየር ነው የሚያስገባው። ጭስ የለውም፣ ግን ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ይላል፣ ሞተሩም ይግላል። እኩል ያረጁ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሰነጠቅ ከውጭ ይወጣሉ። አዲሱ ሲገባ ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፣ ዘንጉም ላይ ዝገት ወይም ጭረት ካለ በስስ የብርጭቆ ወረቀት ይለስለስ። እስኪሠራ ግን ካምቢዮውን ሞልተሽ ካልሆነ አትንጂው።